«ጋዝ አረንጓዴ አይደለም» ብዬ እትዬ ታደለችን የጣልኩበት ስብሰባ

ዛሬ የሰራሁትን ስሙና ፍረዱኝ። ብሌዘሬን እንኳን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሼሙ አልለቀቀኝም!

ስራዬን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ ኩባንያዎች «ኢንቨስትመንታችን አረንጓዴ ነው» ሲሉ፣ ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ሪፖርት እጽፋለሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም አይሰማኝም።

ሰፈር ውስጥ ግን ኤክስፐርት ነኝ!

እዚህ መካኒሳ ጎረቤቶቻችን የቁጠባ ማህበር አላቸው። ዘንድሮ «ከቁጠባችን የተወሰነውን አካባቢን በማይጎዳ ስራ ላይ ብቻ እናውለው» ብለው ተስማሙ። ሰብሳቢው ጋሽ ዘውዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመብራት መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ሐሙስ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ከቁጠባው ብድር ለመውሰድ ያመለከቱ አባላት አሉ። እሁድ ከሰዓት ነይና የቱ አረንጓዴ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ አስረጂን።»

አስር ስላይድ ሰራሁ። አስር! ለሰላሳ ጎረቤት!

ዛሬ የማህበሩ አዳራሽ ስገባ ፊት ወንበር ላይ እትዬ ታደለች ተቀምጣለች። እትዬ ታደለች ከወላይታ መጥታ እዚሁ ሰፈር ለግንባታ ሰራተኞች ምሳ የምትሸጥ ሴት ናት። እናቴ ስራ ስለምትውል ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ምሳዬን የበላሁት እሷ ጋ ነው። ስታየኝ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋ «የኔ ልጅ ናት» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ!

«ጋዝ ከከሰል ይሻላል ይሏችኋል። አትመኑ! ከሰልና ጋዝ ወንድማማቾች ናቸው። ታናሽየው የሚሻል የሚመስለው ፊቱን ስለታጠበ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ታደለች «ንገሪያቸው!» ብላ አጨበጨበች።

ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን አወጡ። «ኒውክሌርስ? ጭስ የለውም እኮ።»

«ጭስ ባይኖረውም ቆሻሻው ለልጅ ልጆቻችን ይተርፋል።»

«ግድቡ ውሃ ሲያጥረውስ መብራቱን ከየት ላምጣ?»

«ጋሼ፣ ከመሃላችን ኒውክሌር ለመክፈት ያመለከተ አለ እንዴ?»

አሁንም ሳቅ። ዓለም ላይ ስንት የተማረ ሰው የሚጨቃጨቅበትን ጥያቄ በቀልድ አለፍኩት። ምን ላድርግ፣ ሳቁ ጣመኛ!

ድምፅ ተሰጠ። ጋዝ ያለበት ማመልከቻ ሁሉ ይውደቅ ተባለ። እትዬ ታደለችም እጇን አውጥታለች። ከሁሉም ከፍ አድርጋ።

ጋሽ ዘውዱ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀት አነሱ። «እንግዲህ የወደቀው አንድ ማመልከቻ ነው። ምሳ ቤቱን ከከሰልና ከእንጨት ወደ ጋዝ ምድጃ ለመቀየር። አመልካች፣ ወይዘሮ ታደለች።»



እትዬ ታደለች ግራ ገብቷት ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ፈገግ አለች!

«ካልሆነ ይቅራ» አለች። «እኔ መች አወቅኩ? እሷ የተማረችው ይሄንን ልትነግረን አይደል?»

ብትሰድበኝ እችለው ነበር!

ያኔ ነው ዓይኗን ያየሁት። ቀይ ነው፣ ጠርዙ አብጧል። ልጅ ሆኜ የእትዬ ዓይን ሲፈጠርም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭሱ ነው። አስር ስላይድ ስሰራ ያ ጭስ አንድ ቦታ እንኳን ትዝ አላለኝም።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጨምር» አልኩ።

«ሃሳብሽን ቀየርሽ?» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

«አይ… አዎ… ግማሹን።»

ሳቅ! አሁን ግን የሚሳቀው በኔ ነው።

ላመልጥ ሞከርኩ። «እትዬ፣ በኤሌክትሪክ ብትሰሪስ?»

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ የቀን ሰራተኞቹን ስብከት ላብላቸው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬን ዋጥኩ።

«እሺ፣ ስሙኝ። ጋዝ አረንጓዴ አይደለም። ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ትልልቅ ኩባንያዎች መጥተው አረንጓዴ በሉልን ቢሉ አሁንም አይሆንም እላለሁ። ግን እኔ ከሰልና ጋዝ ወንድማማቾች ናቸው ያልኩት ሁለቱንም ከፀሐይ ኃይል ጋር አወዳድሬ ነው። እትዬ ጓዳ ያለው ደግሞ ከሰል ነው። ሳልጠይቃት ነው የፈረድኩባት።»

ጋሽ ዘውዱ አገጫቸውን አሻሹ። «አረንጓዴ ካልሆነ፣ ቀይም ካልሆነ፣ ቢጫ እንበለዋ። የትራፊክ መብራት ሦስት አይደል? ቢጫ ላይ ግን አይከረምም። መብራቱ ሲስተካከል ወደ ኤሌክትሪክ ትቀይሪያለሽ፣ ታደለች?»

«እኔ የጠላሁት ጭሱን ነው፣ ጋሼ! ኤሌክትሪክ ምን አደረገኝ?»

እንደገና ድምፅ ተሰጠ። አለፈ! የተቃወሙም ነበሩ። አንዱ ተነስቶ «ዛሬ ቢጫ ያላችሁትን ነገ አረንጓዴ ቀብታችሁ ታመጡታላችሁ» አለ። እውነቱን ነው። ቢሮ ውስጥ እኔም የምፈራው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ «እስክትቀይር በየዓመቱ ይታይ» የሚል ተጨመረበት፣ የሚያየውም ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴው እኔ ነኝ። ብቻዬን!

ስንወጣ እትዬ ታደለች ክንዴን ያዘችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ስትናገሪ እንዴት እንደምታምሪ! ተባረኪ! አሁኑኑ ለእናትሽ ነው የምደውልላት።»

«እትዬ፣ እኮ እኔ ነኝ የጣልኩሽ!»

«እሱስ ጥለሽኛል።»

«ታዲያ ጋዙን እንደዚያ ስሰድበው ምን ብለሽ ነው የምታጨበጭቢው?»

ቆም ብላ አየችኝ። ግልጽ ነገር የጠየቅኳት ይመስል።

«ጋዙን መች ሰማሁት? አንቺን እያየሁ ነበር እንጂ።»

አርባ ደቂቃ ሙሉ ከፊቴ ተቀምጣ እኔን ታያለች። እኔ ግድግዳው ላይ የራሴን ስላይድ አያለሁ።

በናታችሁ፣ እንደኔ ያለ የተማረ ደንቆሮ ገጥሟችሁ ያውቃል?