አስነጥሰህ ቪዛ አትጠይቅም

(ሜልበርን፣ ግሌንሮይ ሰፈር፣ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ። ሁለት ኔፓላውያን ወጣቶች የሚጋሩት ክፍል። ሱላቭ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል፤ ቤት ውስጥ ሆኖ አዲስ የግንባታ ሥራ ጫማ አጥልቋል። ሎክራጅ እርጎ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ግድግዳው ላይ የሎክራጅ እናት ከአገር ቤት የላኩለት የኔፓል ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ አንዱ ቀን በቀይ ተከቧል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ጎረቤታቸው ሚስዝ ዶሪን ሣር በሞተር ያጭዳሉ። የታጨደ ሣር ሽታ የሄደበትን አገር ሁሉ የልጅነት ቀን ያስመስላል። የሱላቭ አፍንጫ ግን ትዝታ አይችልም፤ ገና አሁን አስነጥሷል።)

ሎክራጅ፦ እጅህን አንሳ። ከላፕቶፑ ላይ እጅህን አንሳ አልኩህ።

ሱላቭ፦ ያስነጠስኩት በአፍንጫዬ ነው፤ እጄ ምን አጠፋ?

ሎክራጅ፦ ሰው አንድ ነገር ሊጀምር ሲል ካስነጠሰ ይቆማል። መንገደኛ ከሆነ ይመለሳል፣ ሙሽራ ከሆነ ይቀመጣል። አያትህ ይሄን አላስተማሩህም?

ሱላቭ፦ አያቴ ሲያስነጥሱ እኛ ይማርዎት ነበር የምንለው።

ሎክራጅ፦ እሱ ለጉንፋን ነው። ይሄ ቪዛ ነው። አስነጥሰህ ቪዛ አትጠይቅም። በል ክዳኑን ዝጋው፣ ማስነጠሱ እላዩ ላይ እንዳያድር።

ሱላቭ፦ (ላፕቶፑን እየከደነ) ዳይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ…

ሎክራጅ፦ ውሃ ሳትጠጣ አታውራ። ስድስት ወር የምበልጥህ ታላቅ ወንድምህ ነኝ፤ ዳይ ብለህ ከጠራኸኝ እንደ ዳይ ስማኝ። ጠጣ።

ሱላቭ፦ (ይጠጣል) እሺ፣ አሁን ልናገር? ቅድም እኮ…

ሎክራጅ፦ አሁን እርጎ። አፍህን ክፈት። ስኳር አለው።

(ያጎርሰዋል። ሱላቭ ሊናገር የነበረውን ከእርጎው ጋር ይውጠዋል።)

ሱላቭ፦ ሣሩ ነው እኮ ዳይ። ሚስዝ ዶሪን ማሽኑን ባስነሱ ቁጥር አፍንጫዬ ይነሳል።

ሎክራጅ፦ ማስነጠስ ምክንያት የለውም፤ ምልክት ነው። ሣር የሚያስነጥስ ቢሆን ላም ቀኑን ሙሉ ስታስነጥስ አትውልም?

ሱላቭ፦ እሱስ እውነትህን ነው። መስኮቱን ብንዘጋውስ?

ሎክራጅ፦ መስኮቱን ዘግተህ ዕድል በየት ይግባ? ስማ፣ እናቴ የሰፈራችንን ፓንዲት ጠይቃልሃለች። ኮከብህን ቆጥረው መልካሙ ሰዓት ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ክፉው ይገባል። በክፉው ሰዓት ሰው እንኳን ቪዛ ሽንኩርት አይገዛም።

ሱላቭ፦ አሥር ሰዓት የኔፓል ነው የኛ?

ሎክራጅ፦ የኛ። እኔ አስልቼዋለሁ። በስሌት የምሳሳት ይመስልሃል? ግሌንሮይ ውስጥ ተመርቆ የሥራ ቪዛ ያገኘ ሁሉ እኔን ጠይቆ ነው ያገኘው።

ሱላቭ፦ ፕርትቪስ?

ሎክራጅ፦ ፕርትቪ አልጠየቀኝም። ይኸው ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሱላቭ፦ ኧረ አልተመለሰም፤ ፐርዝ ነው ያለው። ቤትም ገዝቷል።

ሎክራጅ፦ ያው ርቋል።

(በሱላቭ ኪስ ውስጥ ስልክ ይንጫጫል።)

ሱላቭ፦ መልእክት ገባ። ልየው?

ሎክራጅ፦ ስጠኝ። ጫጫታ ኮከብ ያውካል። (ስልኩን ወስዶ የሩዝ ጣሳ ውስጥ ይቀብረዋል።) እዚያ ይረፍ።

ሱላቭ፦ ዳይ፣ አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅህ?

ሎክራጅ፦ ሌላ ዓይነት ጠይቀህ ታውቃለህ?

ሱላቭ፦ አንተና እኔ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። ትምህርቱም አንድ፣ ምርቃቱም አንድ። የኔ የተማሪ ቪዛ ዛሬ ያልቃል። ያንተ ለምን አላለቀም?

ሎክራጅ፦ ምክንያቱም እኔ ጊዜዬን እይዘዋለሁ። አንተ ዘንድ ጊዜ ይፈሳል። (ቀን መቁጠሪያውን እየጠቆመ) ያንን ቀይ ክብ አየኸው? ቪዛው እጄ የገባ ዕለት ነው የከበብኩት። ፎርሙን ሞልቼ ከጨረስኩ ቆየሁ፤ ላክ የሚለው ብቻ ነው የቀረኝ። ለኔ ኮከብ መልካሙ ቀን የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ተረጋግቼ፣ ታጥቤ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እልካለሁ። እንዳንተ በመጨረሻው ቀን አልንጰረጰርም።

ሱላቭ፦ እኔም እኮ ባለፈው ሳምንት ልልክ ነበር። ማክሰኞ ጥሩ አይደለም አልከኝ።

ሎክራጅ፦ አልነበረም።

ሱላቭ፦ ሐሙስም ድመት አቋረጠችህ አልከኝ።

ሎክራጅ፦ ጥቁር ነበረች። በል ተነስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈት፣ ቀኝ እጅህን…

ሱላቭ፦ እንጥሽ።

ሎክራጅ፦ (ሳህኑን ያስቀምጣል) አንተ ልጅ ሆን ብለህ ነው?

ሱላቭ፦ ወይ ዳይ፣ ሰው ሆን ብሎ እንዴት ያስነጥሳል?

ሎክራጅ፦ ቆይ፣ ላስብበት። አንድ ማስነጠስ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ይከፍታል። የቅድሙና የአሁኑ ሁለት ናቸው። ተከፍቷል ማለት ነው።

ሱላቭ፦ እንጥሽ።

ሎክራጅ፦ ተዘጋ።

ሱላቭ፦ ይቅርታ ዳይ።

ሎክራጅ፦ ይቅርታ አይከፍተውም። አንድ መጨመር አለብህ። (ከመደርደሪያው የቁንዶ በርበሬ ዕቃ ያወርዳል።) አሽትት።

ሱላቭ፦ አሁን አልመጣም።

ሎክራጅ፦ ጠጋ በል። ሳብ አድርገው። ምን እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለህ?

ሱላቭ፦ (ይስባል። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ይጠብቃሉ።) ሄደ።

ሎክራጅ፦ እስካሁን ያለ ጥሪ ሲመጣ አልነበር? አሁን ስንጠራው ኮራ?

(ሱላቭ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተደግፎ ጫማውን ያያል።)

ሎክራጅ፦ ደግሞ ይሄን ጫማ ምን ቤት ውስጥ አስለበሰህ?

ሱላቭ፦ እያለማመድኩት ነው። ሰኞ ስጀምር እንዳይቆረጥመኝ። መንገድ ከመሠራቱ በፊት አፈሩ ይችላል አይችልም ብሎ የሚመረምር ድርጅት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይወስደኛል። ወረቀቱ ካልተላከ ግን መኪናው አይመጣም።

ሎክራጅ፦ ይላካል። እኔ እያለሁ ምን ያሰጋሃል?

ሱላቭ፦ አባቴ ሲሸኘኝ ቀዩን የምርቃት ቲካ ግንባሬ ላይ ለጥፎ «ሂድ» አለኝ፤ ሌላ ነገር አላለም። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ እንጂ አልሳመኝም። አሁን ሰፈር ውስጥ ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉት መሐንዲስ ነው ይላል። እኔ ምግብ ቤት ድስት ሳጥብ፣ እሱ መሐንዲስ ነው ይላል። ውሸታም ሰው አይደለም እኮ፤ ሞቶም አይዋሽም። እኔን ጠብቆ ነው። ሰኞ እውነት ይሆንለታል። ፎቶ ልኬለት ጫማውን ያያል።

ሎክራጅ፦ (የቁንዶ በርበሬውን ዕቃ መልሶ ያስጠጋለታል) በል አሽትት። ስለ አባትህ ብለህ አሽትት።

ሱላቭ፦ (አፍንጫውን ዕቃው ውስጥ ይከታል) እን… እን… እንጥሽ።

ሎክራጅ፦ ተከፈተ። ቶሎ በል፣ ቀኝ እጅህን…

ሱላቭ፦ እንጥሽ። እንጥሽ። እንጥሽ።

ሎክራጅ፦ (በጣቱ ይቆጥራል፣ ይጠፋበታል፣ እንደገና ይቆጥራል) ክፍት፣ ዝግ፣ ክፍት… ያቺ መካከለኛዋ ማስነጠስ ነበረች ወይስ ሳል?

ሱላቭ፦ ግማሽ ግማሽ ነበረች።

ሎክራጅ፦ ቪዛ ላይ ግማሽ የለም።

(የሚስዝ ዶሪን ሞተር ይጠፋል። በጸጥታው ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሎክራጅ ቀና ብሎ ያየውና አልጋው ላይ ዝርፍጥ ይላል።)

ሎክራጅ፦ አሥር ሰዓት ሆነ። አለፈ። ለአባትህ ምን እንላቸዋለን?

ሱላቭ፦ እንግዲህ ክዳኑን ልክፈተው?

ሎክራጅ፦ ክፈተው። ከእንግዲህ ምን ይመጣል?

ሱላቭ፦ (ይከፍታል) ዳይ፣ «ማመልከቻህ ደርሶናል» ይላል።

ሎክራጅ፦ የምን ማመልከቻ?

ሱላቭ፦ የኔ ነዋ። ስልኩም ያን ጊዜ ለዚሁ ይሆናል የጮኸው። (ሩዙን ቆፍሮ ስልኩን ያወጣል፣ እያራገፈ ያነባል) «ውሳኔው እስኪደርስህ አገር ውስጥ ቆይተህ መሥራት ትችላለህ።» መሥራት ይላል ዳይ።

ሎክራጅ፦ መቼ ነው የላክኸው?

ሱላቭ፦ በመጀመሪያው ማስነጠስ። ጣቴ ላክ የሚለው ላይ ነበር። ሳስነጥስ ዘለለ።

ሎክራጅ፦ እና ያን ሁሉ እርጎ ስታስጎርሰኝ…

ሱላቭ፦ አንተ ነህ ያጎረስከኝ።

ሎክራጅ፦ ሳጎርስህ፣ በርበሬ ሳስምግህ፣ ለምን አልነገርከኝም?

ሱላቭ፦ ልነግርህ ስል ውሃ ጠጣ አልከኝ። ጠጥቼ ስጀምር እርጎው መጣ። በማስነጠስ የሄደ ነገር ይቆጠር አይቆጠር ደግሞ አላውቅም። የቀረው የምስጋናው ክፍል ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ሎክራጅ፦ (ተነስቶ ይንጎራደዳል) አስነጥሶ ላከ። እያስነጠሰ ላከ። ይሁን፤ እግዜር ለሞኝ ያዝናል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልወድቅም። ቀኔን ከብቤ ነው የያዝኩት።

ሱላቭ፦ (ወደ ቀን መቁጠሪያው ጠጋ ብሎ) ዳይ፣ የከበብከው አሥራ አምስት ነው።

ሎክራጅ፦ አዎ፣ አሥራ አምስት። ማንበብ ጀመርክ?

ሱላቭ፦ የካርቲክ ወር አሥራ አምስት።

ሎክራጅ፦ የካርቲክ፤ ገና ሁለት ሳምንት አለው።

ሱላቭ፦ ይሄ የኛ አገር ቀን መቁጠሪያ ነው፤ እናትህ የላኩት። ቪዛውን የሰጡን ግን ፈረንጆቹ ናቸው። የነሱ አሥራ አምስት…

ሎክራጅ፦ የነሱ አሥራ አምስት ምን?

ሱላቭ፦ ዛሬ ነው። የኔም እሱ ነው። በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው እኮ፤ ቅድም ጠይቄህ ነበር።

(ሎክራጅ ቀዩን ክብ ያያል። ከዚያ አልጋ ተሻግሮ፣ ሻንጣ ተሻግሮ የራሱን ላፕቶፕ ይዘረጋል።)

ሱላቭ፦ ዳይ፣ ክፉው ሰዓት እኮ ገብቷል።

ሎክራጅ፦ ሰዓት ሰዓት ነው።

ሱላቭ፦ ምሥራቅም በዚህ በኩል ነው።

ሎክራጅ፦ ምሥራቅ ባለበት ይቆይ።

ሱላቭ፦ (ሳህኑን አንስቶ) እርጎ ላጉርስህ? አፍህን ክፈት።

ሎክራጅ፦ ሂድ ከዚህ። የይለፍ ቃሌን ታስረሳኛለህ። እሺ… ገባ… ይኸው፣ ላክ የሚለው መጣ።

(ውጭ የሚስዝ ዶሪን ሞተር እንደገና ይነሳል። ሱላቭ ሳህኑን እንደያዘ ይቆማል። አፍንጫው ይነፋል። በነፃ እጁ ሊያፍነው ይሞክራል። ሎክራጅ ጣቱን እንዳነሳ ዞሮ ያየዋል፤ ይተያያሉ።)

ሱላቭ፦ እንጥሽ።

ሎክራጅ፦ (ላክ የሚለውን እየተጫነ) ይማርህ።