የእትዬ ሙሉ ባሕር

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። የዝንቡን አላውቅም፤ ሌላ ነገር ግን ይገባል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ተረት ላርም አልተነሳሁም፤ የደረሰብኝን ብቻ ላውጋችሁ። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ማታቱ ታክሲ ላይ ከማን ጎን ተቀምጣ እንደታየች መስማት የፈለገ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሐሜተኛ ይሉኛል። ዓይኔ አያርፍም እንጂ ክፋትስ የለብኝም። እሺ፣ አፌም አያርፍም።

በዕድሜዬ አንድ ነገር ብቻ ደብቄያለሁ።

እትዬ ሙሉ የምትኖረው ከእኔ ፊት ለፊት ነው። ጊጊሪ ሰፈር አንድ የውጭ ቢሮ ውስጥ ሠርታ ጡረታ ስትወጣ በዘይት ቀለም መሣል ተማረች። በረንዳዋ ላይ ሸራ ወጥራ ባሕር ትሥላለች። ባሕር ካላችሁት ነው። ከሩቅ ውሃ ይመስላል፤ ስትቀርቡት ቀለሙ እንደ ገንፎ ተለጥፎ፣ ሰማዩ የት እንዳለቀ፣ ውሃው የት እንደጀመረ አይለይም። ሁሉም ጭጋግ። ጭጋጉ መሀል አንዲት ግራጫ ነጥብ አለች።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ቆሽሾብሻል፤ ጥረጊው" አልኳት።

"ይቆይ" አለች።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ዮናስ። ከሞምባሳ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ ጋሽ ታደሰ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነገረኝ፦ ዮናስ ከመርከቡ ወድቆ ባሕር በልቶታል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። የመርከቡ ሰዎች የደወሉት ለእሱ ነው። "አደራ፣ በተለይ አንቺ" አለኝ።

መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በሯን አንኳኩቶ ነው መርዶ የሚነገረው። መጀመሪያ እህቷ ከአዲስ አበባ ትምጣ ተባለ። ቀጥሎ ደም ግፊቷ ይስተካከል። ቀጥሎ ፋሲካ ይለፍ፤ በበዓል ዋዜማ ማን ያስለቅሳል? እንዲህ እንዲህ ስንል ሦስት ወር ሞላን። እኔ በየቀኑ በረንዳዋ ላይ ተቀምጬ ያልመጣብኝን ሳቅ እስቃለሁ፣ ስለ ቧንቧ ውሃ መጥፋት እለፈልፋለሁ። እሷ ያችን ነጥብ በብሩሽ ጫፍ ትነካካለች። አንዳንዴ ብሩሿን አንሥታ ፊቴን ታያለች፤ ረዥም ጊዜ። የምትሥለኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

በመጨረሻ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። የግቢው ዘበኛ ጥቁር ልብሳችንን አይቶ "ፖሌ" ብሎ በስዋሂሊ ሐዘኑን ገልጾ ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ሙሉ በሩን ከፈተች። ጋሽ ታደሰ ገና አፉን ሳይከፍት ወደ እኔ ዞረች።

"ዘነቡ፣ እውነት ነው?"

የዮናስ ጓደኛ ያን ጊዜውኑ ከመርከቡ መልእክት ልኮላት ኖሯል። ሦስት ወር ሙሉ ስልኳ ውስጥ ይዛው ነው የከረመችው።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" አላት ወንድሟ።

"እሷን እያየሁ" አለች፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ። "ዘነቡ ወሬ ሰምታ አታሳድርም። ልጄ ሞቶ ቢሆን በማግሥቱ ከእሷ እሰማው ነበር። እሷ እየሳቀች እኔ ምን ብዬ ላልቅስ?"

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሦስት ወሩን ለቅሶ በአንድ ቀን አወጣችው።

በሰልስቱ ማግሥት ለቀስተኛው ሲሳሳ ወደ በረንዳው ጠራችኝ። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ያችን ነጥብ ደግሞ በየቀኑ ስታድሳት ስለከረመች ገና እርጥብ ነበረች።

"መርከቡ ነበር" አለችኝ።

ጨርቅ አንሥታ አንድ ጊዜ አሸት አደረገችው። ጭጋግ ሆነ።

ጥረጊው ያልኳት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ስንት ተናግሬ፣ የተሰማልኝ እሱ ብቻ ሆነ።