ለጤነኛ ሰው የታዘዘ ኪኒን

እኛ ሰዎች በበሽታ የምናፍር ይመስላችኋል? በፍጹም! እስቲ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አንዱ ስኳሩ ሁለት መቶ ሰማንያ እንደገባ ይናገራል፤ ሌላው ይህን ሰምቶ አላስችል ይለውና የራሱን ደም ግፊት ይዞ ይነሣል፤ አንዷ ደግሞ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ መቀደዷ አልበቃ ብሏት ጠባሳውን ካላሳየኋችሁ ትላለች። ኪኒን በየቦርሳው አለ። ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ጠጠር የሚደረድረው ስንቱ ነው! በላስ ቬጋስ አበሻ መካከል የኮሌስትሮል ኪኒን የሚውጥ ሰው የተከበረ ሰው ነው። ለፍቷል፣ ድርብ ሺፍት ሠርቷል፣ ልጆች አስተምሯል ማለት ነው።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ኪኒን አለ። ስሙ ከብልቃጡ ላይ በጥፍር ይፋቃል። አንዳንዴም ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ይገለበጣል፣ የቫይታሚን ነገር ውስጥ። የሚውጠው ሰው ብቻውን እየኖረ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፎ ነው የሚውጠው። ከየት አወቅኸው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞርኩ የሰዎቻችንን ሕመም ወደ እንግሊዝኛ፣ የሐኪሞቹን ትእዛዝ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ "እንዲህ ይላል" ብለህም ከጎን አትቆምም። በሽተኛው "አመመኝ" ካለ አንተም "አመመኝ" ነው የምትለው። በዚህ ደንብ መሠረት እኔ በዚህች ከተማ አሥራ አንድ ጊዜ አርግዣለሁ። ማሕፀኔ ወጥቷል፤ በዚያው ሳምንት ፕሮስቴቴም ወጥቷል። አንድ ቀን ባሌ እንደሚደበድበኝ ለሐኪም ተናግሬ ስወጣ፣ ባልየው ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ጥርሱን አፋጭቶብኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ፋንታ "እኔ" እያልኩ እንጀራ በልቻለሁ።

አሁን ደረስኩበት። ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው፤ አላገባሁም። ለምን ለሚለኝ "ዕድሌን እየጠበቅኩ ነው" እላለሁ፤ ሴቶቹም የእህታቸውን ልጅ ፎቶ ከስልካቸው አውጥተው ያሳዩኛል፤ እኔም "ቆንጆ ናት" እላለሁ። ቆንጆም ናት። እኔ ግን የምወደው ወንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ኤችአይቪ እንዳይዘኝ አንዲት ሰማያዊ ኪኒን እውጣለሁ፤ ሐኪሞቹ ፕሬፕ ይሏታል። በሽታ የለብኝም። ኪኒኗ የታዘዘችው ለጤነኛ ሰው ነው፤ የምትኖረው ግን የዓሣ ዘይት የሚል ብልቃጥ ውስጥ ነው። ይህንን የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ደግሞ አንድም ቀን ሲያነቡ አይቻቸው አላውቅም።

እትዬ ጽጌና ጋሼ ወርቅነህ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ ባልና ሚስት ናቸው። እትዬ ጽጌ ሠላሳ ዓመት የካዚኖ ሆቴል ክፍል አጽድተዋል። ጋሼ ወርቅነህ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭኑ ኖረው፣ የጆሯቸውን ግማሽ እዚያው ጥለው ጡረታ ወጥተዋል። ሰዘርን ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ቤት አላቸው፤ ናሆም የሚባል አንድ ልጅም አላቸው። ናሆም ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነው። እዚሁ ስለተወለደ አማርኛው ከማዕድ ብዙም አይርቅም። የአባቱ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሻንጣ አይርቅም። ስለዚህ ቁም ነገር የመጣ ዕለት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አባትና ልጅ እንዲነጋገሩ አስተርጓሚ ይጠራላቸዋል። የምጠራው እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጽጌ እያለቀሱ ደወሉልኝ። የናሆምን አልጋ ሊያነጥፉ ገብተው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሰው አልጋ ያነጠፈ እጅ በገዛ ቤቱ አርፎ አይቀመጥም። ከፍራሹ ሥር የኪኒን ብልቃጥ አገኙ። ፎቶ አንሥተው አገር ቤት ጤና ጣቢያ ትሠራ ለነበረች ዘመዳቸው ላኩላት። ሴትየዋ በዚያ ክፉ ዘመን ስንቱን ስታስታምም የኖረች ናት፤ ስሙን እንዳየች "የዚያ በሽታ መድኃኒት ነው" አለቻቸው። አልዋሸችም። መድኃኒቱ ከሌላ ጋር ተደርቦ ለታመመ ይሰጣል፤ ብቻውን ሲሰጥ ግን ላልታመመ ነው። ይህን ሁለተኛውን እሷ የምታውቅበት ምክንያት አልነበራትም።

ስደርስ ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠዋል። ብልቃጡ ጠረጴዛው መካከል ቆሟል። እትዬ ጽጌ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ ጋሼ ወርቅነህ የጠፋ ቴሌቪዥን ያያሉ። ናሆም በእንግሊዝኛ ጀመረ።

"አልታመምኩም" አለ። "አልታመምኩም" ብዬ ጮክ አድርጌ ለጋሼ ወርቅነህ ተረጎምኩ።

"ይህ እንዳይዘኝ የምወስደው ነው" አለ። ተረጎምኩ።

ጋሼ ወርቅነህ ወደ እኔ ዞሩ። "ከየት ነው የሚይዘው? ሴት ካለችው ለምን አምጥቶ አያገባም? ጠይቅልኝ" አሉ።

ጠየቅሁላቸው። ናሆም ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጥድፊያ ተናገረ። "እሺ፤ እኔ የምወደው ወንድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ። ሐኪሜ ያዘዘልኝም ለዚህ ነው። ጋሼ፣ እንዳለ ንገራቸው።"

አሁን እኔን ተመልከቱኝ። በደንቡ መሠረት፣ በዚያ ሳሎን፣ አገር በሚያውቀው በገዛ አፌ "እኔ የምወደው ወንድ ነው" ማለት አለብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ የእውነት ቃል ቢኖር ይህ ነበር። የሌላ ሰው ንግግር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም እኔን አይጠረጥርም። እኔ ግን ፊቴ ይመሰክርብኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሼ ወርቅነህ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው "ምን አለ?" አሉ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ ነው የሚለው" አልኩ።

ጋሼ ወርቅነህ ተነሡ። ይመቱታል ብዬ ነበር። አንቀው አቀፉት፤ አቅፈውም እንደ ሴት ልጅ አለቀሱ። "አይዞህ ልጄ፣ እኔ እያለሁ ምንም አትሆንም" አሉ። ናሆም "ይቅርታ" የምትለውን ቃል ያውቃታል። በአባቱ ትከሻ ላይ አገጩን አስደግፎ በቀጥታ አየኝ።

በር ድረስ ሸኘኝና "ጋሼ፣ አንተ ለምን ውሸት አወራህ?" አለኝ፣ በአማርኛ። ነገ ራሱ እንደሚነግራቸው ተናገረ። አልነገራቸውም። ለምን እንዳልነገራቸው ኋላ አጫወተኝ፤ አባቱ ያቀፉት ከስድስት ዓመቱ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነበርና፣ እቅፉ እንዳይቀርበት ፈርቶ አንድ ቀን ልጨምር፣ አንድ ቀን ልጨምር እያለ ቆየ። ልጁ በበሽተኛነቱ ተወደደ። እትዬ ጽጌ ብርጭቆውን ለብቻ አስቀመጡ፤ አስቀምጠውም ስላፈሩ አለቀሱ፤ አልቅሰውም መልሰው ለብቻ አስቀመጡ።

ጠበል ተጀመረ። ቄሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ "መድኃኒቱንም እንዳይተው" ብለው ነበር፤ የሚሰማ ጠፋ። ሁለት ሱባኤ ሲያልቅ አባቱ ይዘውት ሄደው አስመረመሩት። ነጻ!

ከጤነኛ ሰው ሌላ ምን ሊገኝ ኖሯል? በዚያ ቤት የነበረውን እልልታ ግን ልነግራችሁ አልችልም። ጋሼ ወርቅነህ እሁድ በአዳራሹ ቆመው መሰከሩ፤ ወረቀቱን አነብ ዘንድም እኔን አስነሡኝ። አነበብኩ። የተጻፈውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተርጉሜ ተቀመጥኩ፤ ሰው አጨበጨበ። የተፈወሰ ሰው ኪኒን ከዋጠ ፈጣሪን መካድ ነው ተባለና ብልቃጡ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ጽጌ የልጁን ክፍል በየቀኑ ነው የሚያጸዱት።

በበጋው መጀመሪያ ናሆም አፓርታማዬ መጣ። "ጋሼ፣ አዲስ ብልቃጥ አወጣሁ፤ አንተ ጋ ላስቀምጠው? ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ፓርክ አድርጌ እውጣለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው" አለኝ።

መኪናው ውስጥ ቢደብቀውስ ትሉ ይሆናል። የቬጋስን በጋ አታውቁትም፤ እንኳን ኪኒን መሪውም አይያዝም። ሥራ ቦታስ? ይቻል ነበር። ልጁ ግን መደበቅ ታክቶት ነው የመጣው። በዓለም ላይ የማይደብቅበት አንድ ቦታ ቢያገኝ ብሎ ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የዓሣ ዘይቴ ብልቃጥ ከቆምንበት ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነበር። "እኔም እውጣለሁ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

"ሰው ያያል" አልኩት።

"ማን ሰው?" አለና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። እውነቱን ነው። እኔ ቤት ሰው የሚገባው የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ሊቀይር ነው፣ በዓመት አንዴ። "የኔን ስምም አስበው እንጂ" አልኩት። ስም! ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦልኝ ወጣ። ብልቃጡን ምን እንዳደረገው አልጠየቅሁትም። እንዳልጠየቅሁት አሁንም ያሳፍረኛል።

በክረምቱ እትዬ ጽጌ ደወሉ። "ተመለሰበት" አሉ። ጋሼ ወርቅነህ የልጁ እምነት ስለሳሳ ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ የማውቀውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ምንም የተመለሰ ነገር የለም። ያን ቀን ያልነበረው በሽታ አሁን መጥቶ ነው።

ናሆም ፈቅዶላቸው እትዬ ጽጌ ከሐኪሟ ጋር እንዲነጋገሩ ክሊኒክ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ለእኔ ሰላምታ ሰጥቶኛል፣ እንደ ማንኛውም አስተርጓሚ። ሐኪሟ "ልጅዎ መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰደ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ለሌላ ሰውም አያስተላልፍም" አለች። ተረጎምኩ። እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ነቀነቁና "ኪኒኑን እኔው ቤቴ አስቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ እሰጠዋለሁ" አሉ።

ደንብ ደንብ ነው። "ኪኒኑን እኔው ቤቴ አስቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ እሰጠዋለሁ" አልኩ በእንግሊዝኛ። ናሆም ከስልኩ ቀና አላለም። ሐኪሟ በጣም ደስ አላት።

ልጁ ደም ሊሰጥ ሲገባ እኔና እትዬ ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ያን ቅዳሜ ልጄ ያለውን ሰምቼዋለሁ፣ ደረጄ።"

ልጁ የገባበትን በር አየሁ።

"ሠላሳ ዓመት በቬጋስ ሆቴል ክፍል ያጸዳሁ ሴት እሷን እንግሊዝኛ አጣታለሁ? አባትየው ነው ያልሰማ፤ እኔ ያላመንኩት አልታመምኩም ማለቱን ብቻ ነው። ቢሰማ ኖሮ ዛሬ ልጅ የለኝም ነበር፤ በሽታስ እሺ፣ በበሽታ ሰው ያዝናል። አንተ እንዴት አድርገህ እንደምታልፈው ጨንቆኝ፣ በነጠላዬ ውስጥ ስጸልይ ነበር።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "አንተንም እኮ ለምን አታገባም ብዬ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። አውቄ ነው።"

ሃያ ዓመት ስተረጉም ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም፤ አስተርጓሚ የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። ያን ቀን በመጀመሪያ ጊዜ ተመሰገንኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ እትዬ ጽጌ፣ ከልባቸው።

እኔም ያደግሁበት ወግ ነውና ወዲያው መለስኩላቸው። "አብሮ ይስጠን።"