ተራ የማይጠብቅ ሰሌዳ

እስቲ ንገሩኝ፣ የኤሌቬተር ቁልፍ ደጋግመው ቢጫኑት ቶሎ ይመጣል? አይመጣም። አውቃለሁ። ሥራዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ነው፤ የቁልፍ ነገር ለእኔ አይነገረኝም። ግን እጫነዋለሁ። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ነው፤ ቆሜ ከምጠብቅ በደረጃ ብወርድ ይሻለኛል። አውቶቡስ ስጠብቅም እንደዚያው። መቆም ሲያቅተኝ ወደሚቀጥለው ፌርማታ እራመዳለሁ፤ አውቶቡሱ መሃል መንገድ ላይ ጥሎኝ ያልፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል። እሺ፣ ይሂድ። እስኪሄድ ድረስ እኔ ምን ልሥራ?

በዚህ ጠባዬ የተነሣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጋሽ ሙሉጌታ ከእኔ ጋር ቼዝ መጫወት ካቆሙ ቆይተዋል። መቀመጫህ ላይ እሳት አለ እንዴ፣ እኔ የምፈልገው ቀልብ ያለው ሰው ነው አሉኝ። አልተቀየምኩም። ቀልብ ያለው ሰው ደግሞ ነበራቸው፤ ጋሽ ክፍሌ። ሱዳን በስደት ተዋውቀው፣ ቶሮንቶ አብረው አርጅተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዘው ይጫወቱ ነበር።

ታዲያ ጋሽ ክፍሌ በአውሮፕላን ወደሚኬድበት ኤድመንተን፣ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አማቴ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሆኑ። እኔ በምዞርበት ቤት ውስጥ ሌላ የሚዞር ሰው ሲጨመር አስቡት። ኮሪደሩ ላይ እንጋጫለን። አንድ ቀን እራት ላይ፣ እኔም ኤድመንተን ብሄድ ይሻለኛል አሉ። ባለቤቴ ሰናይት የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እናቷ ስትሞት ብቻቸውን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እኔም ብሆን ደነገጥኩ። አማት ሊሄድልህ ነው ደስ ይበልህ የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ?

በስልክ ይጫወቱ አልኳቸው። መስታወት መዳበስ ጨዋታ አይደለም አሉ። እንጨቱ እጃቸው ላይ ካልከበደ ማሰብ አይችሉም። እንግዲያው እንጨቱ ራሱ ኢንተርኔት ይግባ አልኩ።

ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሰው የጣለውን የቁም ሳጥን በር አነሣሁ። ስልሳ አራቱን ቤት ሣልኩበት። ከእያንዳንዱ ቤት ሥር ማግኔት ሲጠጋው የሚነቃ ትንሽ ስዊች፣ ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት፤ ከእያንዳንዱ ጠጠር ሥር ደግሞ ማግኔት። ሽቦው ሁሉ ተሰብስቦ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ላይ ይገባል። እሳቸው ጠጠር ሲያነሡ ሰሌዳው ያውቃል። ባላጋራቸው የትም አገር ሆኖ ሲጫወት፣ መብራቱ የቱን ጠጠር አንሥተው የት እንደሚያስቀምጡለት ያሳያቸዋል። ሲወራ ቀላል ነው። ሠርቼ እስክጨርስ ግን በብየዳው ጣቴም የሰናይትም ጠረጴዛ ተቃጥለዋል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ከየት እንደሆነ የማናውቀው ሰው ግጥሚያ ተቀበለን። አማቴ አንድ ወታደር ገፉ። ቀጠሉና ሌላ ወታደር። ፈረስ። ሌላ ፈረስ። እጃቸው አያርፍም። ሰሌዳው መብራቱን ሁሉ አብርቶ መጮህ ጀመረ።

"ኧረ ጋሼ፣ ተራዎን ይጠብቁ" አልኳቸው። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን የምለው።

"የምን ተራ? ገና ደም አልፈሰሰም እኮ" አሉኝ።

ለካ ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚጀምሩት እንደ ድሮው የአገራችን ሰንጠረዥ ነው። ወረራ ይሉታል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም እጃቸው የቻለውን ያህል እየፈጠኑ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ጦር ስታሰልፍ ጠላትህን ቅደም ትለዋለህ ወይ አሉኝ። ይህን ያህል ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ለእኔ የተፈጠረ ጨዋታ መኖሩን አለማወቄ አናደደኝ። ለምን ደበቁኝ? አንተ ወረራ ብትጀምር ማን ያቆምሃል ብለው ኖሯል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የቼዙ ድረ ገጽም ተራ የሚለውን ሕግ አይለቅም። ትቼው ወጣሁ። ሌላ ሰሌዳ ሠርቼ ለጋሽ ክፍሌ በፖስታ ላክሁ። ሁለቱ ሰሌዳዎች በኢንተርኔት በቀጥታ እንዲነጋገሩ፣ ጠጠር እስኪበላ ድረስም ተራ እንዳይጠይቁ አደረግኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ክፍሌ በስልክ "ጀመርኩ" ከማለታቸው የእኛ ሰሌዳ መብራት በመብራት ሆነ። አሁን የእሳቸውን ጠጠሮች እኛ ቤት ማን ያንቀሳቅስ? ይህን አላሰብኩበትም። አማቴ የራሳቸውን ጦር ያሰልፉ ወይስ የጠላታቸውን? ተቀመጥ አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። መብራት ሲበራ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ሲበራ አነሣለሁ። እጃችን ይጋጫል። ላቤ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ወንበር የለም።

ከዚያ የጋሽ ክፍሌ ፈረስ አንድ ወታደር በላ። በላ ማለት ያው እኔ ነኝ ያነሣሁት።

"አንተ ክፍሌ፣ አንተ ሌባ" አሉ አማቴ፣ እኔን እያዩ።

ወረራው አበቃ፤ ተራ መጣ። አማቴ አገጫቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ። ከኤድመንተንም መብራት መምጣቱ ቆመ። ልነሣ ስል ወዴት ነው አሉኝ። መብራቱ መቼ እንደሚበራ ማን ያውቃል? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸው ነው። እኔ ሳልቀመጥ ያጫውታቸዋል ብዬ የሠራሁት ሰሌዳ ራሴን ጎልቶኝ ቀረ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት የጋሽ ክፍሌ እጅ ነኝ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይጨፍራል፤ እጄ ይጠብቃል። በቀደም ሰናይት ፈራ ተባ እያለች፣ አባዬ፣ የኤድመንተኑ ነገርስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻቸው። ምን ልሠራ እሄዳለሁ፣ ክፍሌ እዚህ አይደል እንዴ ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሰናይት ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ተከትያት ልገባ ብድግ ስል መብራቱ በራ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። በማግስቱ ጋሽ ክፍሌ ለብቻዬ ደወሉልኝ። እዚያ የአማቴ እጅ የሆነው የልጃቸው ባል ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው አሉ፤ ጠጠሩን የሚያገኘው መብራቱ በርቶ ከጠፋ በኋላ ነው። በእሱ ምክንያት ወረራው ሁሉ ተበላሽቶባቸዋል።

"ስማኝ ልጄ፣ እዚህ ማሽን የሚጠግን ሰው በጣም ይፈለጋል። ሬንቱም እንደ እናንተ አይደለም። ለምን ሙቭ አታደርግም?" አሉኝ።

ሰው ችኮላዬን ፈልጎ ሲጠራኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሎኑን ዞርኩ፣ ዞርኩና ለሰናይት ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

"ሂድ" አለችኝ። "ሰሌዳውን ግን ለአባዬ ትተኸው ሂድ።"