የአበልጅ ካምሻፍት

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር የሚወርደው በሦስት ሰው ነው፤ በባለመኪናው፣ በመካኒኩና ማንም ሳይጠራው በሚመጣው ዐዋቂ። ባለመኪናው ይጨነቃል፣ መካኒኩ ይቆሽሻል፣ ዐዋቂው ያዛል። ወንበር የሚቀርበውም ለእሱ ነው። የዚህ አገር መካኒክ ያለጊዜው የሚሸብተው በናፍጣ ጭስ ይመስላችኋል? በዐዋቂ ነው እንጂ!

በመካኒኩ በእንዳላማው ላይ የታዘዙበት ዐዋቂ አያ የኋላሸት ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ሆኗል። እንዳላማው በሆዱ «ሊቀ ሞተራን» ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱን በአፉ አውጥቶት አያውቅም፤ ሽማግሌ አይዘለፍማ! ሊቀ ሞተራን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ጆሯቸውን ወደ መኪናው ያዘነብላሉ። «ሞተር በጆሮ ነው፣ ልጄ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ በዚሁ ጆሯቸው ነዳጅ የጨረሰች ሚኒባስ ላይ «ፒስተኗ ሞቷል» ብለው ፈረዱ። ባለቤቱ አምኗቸው ሞተሩን ካስወረደ በኋላ ነው ታንከሯ ባዶ መሆኑ የታወቀው። ይቅርታ ጠየቁ? ኧረ ምን በወጣቸው! «ቢሆንም መፈተሿ ጥሩ ነው» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። ባጃጅ ሲያስነጥሳትም «ይህን ድምፅ ዓባይ በረሃ ላይ ሰምቼዋለሁ» ይላሉ። ባጃጇ ግን ከከተማ ወጥታ አታውቅም።

ይህስ ይቻላል። እንዳላማው ያልቻለው የወለተ ሐዋርያትን ነገር ነው።

ወለተ ሐዋርያት ከሮብ ገበያ ከተማ ድንች እያስጫነች ማርቆስ የምታራግፍ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት አሮጌ ጭነት መኪና ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ እየለገመች አስቸገረቻትና ሞተሩ ወረደ። እንዳላማው ከፍቶ ሲያይ ካምሻፍቱ፣ ያ ቫልቮቹን በተራ የሚከፍተው ባለጉብታ ዘንግ፣ ጉብታው ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል።

«ልኩ የፋብሪካው የሆነ አዲስ ካምሻፍት ግዢ» አላት። «ጉብታው የሚገፋቸውን ታፔቶችና የቫልቮቹን ሞላም አብረሽ ለውጪ። አብረው ያረጁ ናቸው፤ አዲሱን ከነሱ ጋር ካዋልነው ይበሉታል።»

እሺ ብላ ሄደች። በማግስቱ አያ የኋላሸትን አስከትላ መጣች። ሊቀ ሞተራን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሲፈታ ካምሻፍት ነው፤ ጉብታው ግን ከፋብሪካው ልክ ከፍ ይላል።

«ለዳገት ነው የተሠራው» አሉ። «ቫልቩን አብዝቶ ይከፍትና ሞተሩ ጠግቦ ይተነፍሳል። የጮቄን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የምትወጣው!»

«ታፔቱና ሞላውስ፣ አያ?»

«ያለው ይበቃል። ሞላው ገና ጎረምሳ ነው።»

የእንዳላማው ደም ፈላ። «ይቅር ይበሉኝና አያ፣ ቫልቩ ይህን ያህል ከወረደ ፒስተኑ ያገኘዋል። የደከመ ሞላ ደግሞ ቫልቩን ፈጥኖ አይመልሰውም። ይህ ለሩጫ እንጂ ለጭነት አይሆንም። እኛ የምንፈልገው ቀስ ብሎ የሚጎትት ነው።»

«አንተ ኪያቤ ጨብጠህ ብሎን ሳትፈታ እኔ ዓባይን ስወጣና ስወርድ ነበር!»

እንዳላማው ወደ ወለተ ሐዋርያት ዞረ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ምን ላድርግ? አበልጄ ናቸው፤ የትንሹ ልጄ የክርስትና አባት። ለፍተው ያመጡልኝን ስጦታ በምን ዓይኔ ልመልሰው? ግጠመው።»

«እትዬ፣ ሞተር ክርስትና አያውቅም! ዳግመኛ ቢሰበር በምን ታስጠግኚዋለሽ? ልጆችሽስ ምን ይበላሉ?»

«አውቃለሁ። ግጠመው። አንተ እምቢ ካልክ ሌላ ጋራዥ አስወስደዋለሁ።»

እንዳላማው ያን ዕለት የተናደደውን ያህል ተናድዶ አያውቅም። አበልጅ እንዳይቀየም እንጀራዋን ልትሰብር! በዚህ አገር ሰው ለይሉኝታ ሲል ገደል ይገባል፤ ያውም አፋፉ ላይ ቆሞ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ።

«እሺ» አለ ጥርሱን ነክሶ፤ «ግን አስቀድሜ በቫልቩና በፒስተኑ መካከል የሚቀረውን ክፍተት በሊጥ ልለካው።» ከጎረቤት ሻይ ቤት፣ ለቦምቦሊኖ ከተቦካው ሊጥ ቆንጥሮ አመጣና ፒስተኑ አናት ላይ ለጠፈ። የአያን ካምሻፍት አስገብቶ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ከላይ አሰረ። ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። ጥቂት ዞረና ቀጥ አለ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ሁሉም ሰማ። ቴስታታው ሲነሳ ሊጡን ቫልቩ በስቶት የፒስተኑ ብረት በቀዳዳው ያብለጨልጫል።

አያ የኋላሸት ሊጡን አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀና ብለው ወለተ ሐዋርያትን ተመለከቱ። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ሞተሩ ቢፈርስም እንኳ «ይውሰዱልኝ» የሚል ቃል ከአፏ እንደማይወጣ ፊቷ ይናገራል። እንዳላማው ለድሉ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት።

«ወለተ ሐዋርያት» አሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «ይህን ካምሻፍት ልወስደው ነው። ለሌላ ሰው ልሰጠው አስቤያለሁ።»

«ለእኔ ሰጥተውኝ፣ አበልጄ?»

«ሰጥቼሽ ነበር፤ አሁን ነሳሁሽ። አንቺ እንዳላማው ያለሽን ግዢ።»

ካምሻፍቱን በጋዜጣው ጠቅልለው ታቀፉት። ወለተ ሐዋርያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ዝቅ አለ። ያን ጊዜ ነው ለእንዳላማው የገባው። «ተሳስቻለሁ» ቢሏት ኖሮ «ግድ የለም፣ ይገጠም» ትል ነበር። ከይሉኝታው የምትወጣው ከተቀማች ብቻ ነው። ሰጥቶ መንሳት፣ ያውም አበልጅን፣ ሰውን እስኪሞት የሚከተል ክፉ ስም ነው። ሽማግሌው ያንን ስም በአደባባይ ወሰዱላት።

በር ላይ ጎማ የሚለጥፈው ውበቱ ሳቀ። «ወይ ጉድ! ለሙት ሚስት ሰጥቶ የሚነሳ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ!»

እንዳላማው ኪያቤውን መሬት ላይ ወረወረው። «ዝም በል! ስለ እሳቸው አንዲት ቃል ትተነፍስና!»

አያ የኋላሸት ጥቅሉን እንደታቀፉ ከወትሮው ፈጠን ብለው ወጥተዋል። እንዳላማው በዘይት እጁ በሩን ይዞ ከኋላቸው ጮኸ።

«አያ! ታፔቶቹ ሲመጡ እርስዎ ሳያዩልኝ አንድም አልገጥምም!»

ዐዋቂን በገዛ አፉ መጥራቱን ሲሰማ በራሱ ተናደደ። ቃሉን ግን አልመለሰም።