የጋሼ አስናቀ ዳይኖሰር

«ተሳስቻለሁ» የሚል መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጋይንት ውስጥ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ባዮሎጂ የሚያስተምሩት ባልደረባዬ ጋሼ አስናቀ ናቸው።

ከዓመታት በፊት ትርንጎ የምትባል ተማሪያቸው፣ መጽሐፉ ላይ የተሣለውን ጋሻ ለበስ ዳይኖሰር አይታ፣ «ይህ እሾህ የአንገቱ እንጂ የጀርባው አይመስልም» አለች። እሳቸውም «አብረሽው ኖረሻል?» ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁባት። ዘንድሮ ተመራማሪዎች ቅሪተ አካሉን እንደገና መርምረው፣ እሾሁን ወደ አንገቱ፣ አውሬውንም ወደ ሌላ የዘር ሐረግ ማዛወራቸውን ጋሼ ስልካቸው ላይ አነበቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ኪሱ ይከት ነበር። እሳቸው ግን እኔን አስከትለው፣ ትርንጎ ነርስ ሆና ወደምትሠራበት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ተራ በሚጠብቀው ሕመምተኛ ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህን ልልሽ ከጋይንት መጣሁ፤ ልክ ነበርሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏት።

ትርንጎ እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም» አለች።

ሕመምተኛው ሁሉ ከባድ ጠብ መስሎት፣ «ስለ እመብርሃን፣ ይቅር በይ!» እያለ ለመናት። እሷም ይቅር አለች፤ ተቃቀፉ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አላስቻላቸውም። «ለመሆኑ ምን በድለዋት ነው?»

«የአውሬ እሾህ ያለቦታው ተክዬ» አሉ ጋሼ አቀርቅረው።

ሽማግሌው፣ «ለዚህ ብለው ከጋይንት ድረስ?» አሉና፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው በአክብሮት ቦታቸውን ለቀቁላቸው።