የአቡ ጋሊብ ባዶ ትከሻ

አቡ ጋሊብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ገበያ መሃል ተገደሉ። በእኛ አገር ገበያ የተከበረ ነው። ደመኛህን ዘቢብ ሲያስመዝን ብታገኘው ሰላም ብለኸው ታልፋለህ፤ ቂምህን ከገበያው ድንበር ወዲያ ትወጣበታለህ። አባትየው ይህን አምነው ጠመንጃቸውን ቤት ሰቅለው፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። የገደላቸው ሰው ግን በገበያው አላመነም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ፣ ደመኞቹ ዘሩን እንዳያጠፉት ተብሎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እህል ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ኖረ። በዐሥራ አንድ ዓመቱ ወደ ፀሐይ ሲወጣ የአባቱ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ነበረች። ሰደፏ መሬት ይነካ ነበር።

በየመንደሩ ከመሣሪያው የማይለይ አንድ ሰው አለ። ይህን የማያውቅ የመን ውስጥ መንደር አልኖረም። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። ስማቸው ሙቅቢል ሲሆን በበኩር ልጃቸው ስም አቡ ጋሊብ፣ የጋሊብ አባት፣ እንላቸዋለን። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ትከሻ ባዶዋን ያየ ሰው የለም። ሚስታቸው ስለዚህ ጉዳይ ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አትመልስም። ዘመን ሲለወጥ አሮጌዋ ጠመንጃ በክላሽ ተተካች፤ ማንገቻው ግን የአባታቸው ነው። ቆዳው ሥጋቸው ላይ ቦይ ስላወጣ የመንደሩ ልብስ ሰፊ የእሳቸውን ቀሚስ የሚቆርጠው ቀኝ ትከሻውን ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ነው።

መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው ፎቶ አንሺው «አጎቴ፣ መሣሪያውን ያውልቁት» ቢላቸው፣ «እሷም ትታወቅ» አሉት። ጥርሳቸውን ታመው ሐኪም ዘንድ ሲቀመጡ ክላሿን ጭናቸው ላይ አጋደሟት። ሐኪሙ ዓይኑን ከአፈሙዙ ላይ ሳያነሣ ጤነኛውን ጥርስ ነቀለው። አቡ ጋሊብ አመስግነው ወጡና በሳምንቱ ለታመመው ተመለሱ። ሐኪሙ ግን ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል ተባለ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደማያሳርፏት ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ባዶ ትከሻ የሰው ዓይን ይጠራል።»

ያ የሕዝባዊ አመፁ ዓመት መጣ። ጋሊብ ሰንዓ ምህንድስና ይማር ነበር። ተማሪዎቹ አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው መንግሥት ይውረድ ማለት ሲጀምሩ እሱም አብሯቸው ሰፈረ። በአንደኛው ወር መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልክ ደወለ። ክፍሉ ሙሉ ሰው እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደረገ።

«አባባ፣ ኑ። የተራራው ሰው ከእኛ ጋር መሆኑ ይታይ። ግን ባዶ እጃችሁን ኑ።»

«ባዶ እጃችንን?» አለ የአቡ ጋሊብ የአጎት ልጅ ሂዛም። ሂዛም ጉንጩ ጫት እንደያዘ መጮህ የሚችል ሰው ነው። «ለቅሶ ነው እንዴ የጠራኸን?»

«ለቅሶም ታጥቀን ነው የምንሄደው» አሉ አቡ ጋሊብ።

«አባባ፣ እየለመንኩዎት ነው። አንድ አፈሙዝ ከታየ ሁላችንም ታጣቂዎች ናቸው እንባላለን። ከዚያ መተኮስ ነው።»

«ታጣቂ ነኛ! ታጥቄ ነው የወለድኩህ።»

ሳቁ ጋብ ሲል እኔ ተናገርኩ። በሃምሳ ዓመቴ ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝና ትንሽ መናገር እወዳለሁ። «ሠላሳ ክላሽ ይዘን ብንሄድ ሠላሳ ሰበብ ተሸክመንላቸው ሄድን ማለት ነው» አልኩ።

አቡ ጋሊብ በሐዘን አዩኝ። «ናሺር፣ አንተ ጋዜጣ ማንበብ ከጀመርክ ወዲህ ፈርተሃል። ባልታጠቀ ሰው ላይ እንደማይተኮስ ማን ነገረህ? እኔ አይቻለሁ። ገበያ መሃል አይቻለሁ።»

ያየውን ሰው ምን ትለዋለህ? ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። ወንድም ከወንድሙ ተኳረፈ። በመጨረሻ ሠላሳ ሰዎች መሣሪያችንን ለሚስቶቻችን ሰጥተን፣ እንደተሸለተ በግ እየቀፈፈን መኪና ላይ ወጣን። አቡ ጋሊብ ከነክላሻቸው ከፊት ተቀመጡ።

አደባባዩ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ፈታሾቹ ብብታችንን እየዳሰሱ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልን» እያሉ አስገቡን። አቡ ጋሊብ ዘንድ ሲደርሱ አንዱ ፈታሽ፣ መምህር ነው፣ በአክብሮት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አጎቴ፣ እሷን እዚህ ይተዉልን» አላቸው።

«መተው? ምን አጥፍታ?»

«አጎቴ፣ ሕጋችን ነው።»

«ሕጋችሁን አከብራለሁ» አሉና ከገመዱ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። አልገቡም፤ አልሄዱም። ሻይና ዳቦ ከውስጥ እናቀብላቸዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ የእሳቸው ግዛት ሆነ። ሰልፈኛው ሲያልፍ መፈክሩን አብረው ይቀበላሉ፤ ሰልፉ ገመዱን ሲሻገር ዝም ይላሉ። አጠገባቸው ቲማቲም የምትሸጥ ሴት እንኳ አልማረቻቸውም። «አጎቴ፣» አለች፣ «መስጊድ በር ላይ ያለ ለማኝ እንኳ በሦስተኛው ቀን ወደ ጥላው ይገባል!»

«እኔ ምንም አልለመንኩም» አሉ።

«እሱማ ነው ችግሩ!»

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጋሊብ ገመዱ ዘንድ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። አባትና ልጅ ገመዱን በመሃል አድርገው ቆሙ።

«አባባ፣ ይግቡልኝ።»

«ከእሷ ጋር።»

«እንደሱማ አይሆንም።»

አቡ ጋሊብ ያልጠበቅነውን ጠየቁ። «እናንተ እዚህ ከመንግሥት ጋር ክርክር ላይ ናችሁ አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ዳኛው ማን ነው?»

ጋሊብ ወደ ድንኳኖቹ ዞሮ አየ። «አደባባዩ ነው» አለ። «ሕዝቡ።»

አቡ ጋሊብ ተቆጡ። «ታዲያ ይህን ሦስት ቀን ሙሉ የምትደብቀኝ ምን አድርጌህ ነው?»

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። በእኛ ወግ ሁለት ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ሲቆሙ መሣሪያቸውን ያስይዛሉ። ጠመንጃህን አስረከብክ ማለት ቃልህን አስረከብክ ማለት ነው። ፍርዱ ሳይሰጥ መልሱልኝ የሚል ሰው ልጁን የሚያገባለት፣ ቡና የሚያቀርብለት አያገኝም። ከተሜዎቹ ደግሞ እንደ ጃንጥላ እዚህ ይተዉልን አሏቸው። ሠላሳ የተራራ ሰዎች ሦስት ቀን ሻይ ስናቀብል ማናችንም አላሰብነውም። አቡ ጋሊብ እሷን መተው አይችሉም፤ ማስያዝ ግን ይችላሉ።

ማንገቻውን በጭንቅላታቸው ላይ አወጡት። ክላሿን ለእኔ ሰጥተው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «በአደባባዩ ፊት አስይዣለሁ። ያዡ ናሺር ነው» አሉ። ገመዱን አለፉ። ባዶዋ ትከሻ ግን መቃናቱን አላወቀችበትም፤ አሁንም ዝቅ ብላ ነው የገባችው። ቀኝ እጃቸው በየአምስት እርምጃው ማንገቻውን ለማስተካከል ይነሣና አየር ጨብጦ ይመለሳል።

ከአደባባዩ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ክላሿን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከጣሪያ ላይ ተኮሱብን። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጋሊብ ግራ ደረቱ አጠገብ ተመታ። አባቱ ተሸክመው መስጊዱ ውስጥ ወደተሠራው ማከሚያ ሲያደርሱት አየኋቸው፤ ልጃቸውን የያዙት በቀኝ ትከሻቸው ነው።

እኔ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ሂዛምና ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አምጣት!» አለ ሂዛም። «የአንተ ጋዜጣ ይኸው! ልጁን ገደሉት!»

«አልሞተም።»

«እስኪሞት ነው የምትጠብቀው? አምጣ!»

«ያስያዘው አንተ አይደለህም» ብዬ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ግድግዳውን ተደግፌ ስሰማቸው ሂዛም ያለቅስ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፃቸው ድንገት ጸጥ አለ። በሩ ተንኳኳ።

«ናሺር። ክፈት።»

አቡ ጋሊብ ነበሩ። ቀሚሳቸው ከአንገት እስከ ጉልበት የልጃቸው ደም ነው። ግድግዳውን አዩ። እኔ ማን ነኝ? መንደር ውስጥ ባዶ እጃችንን እንሂድ ብዬ የሰበክሁ፣ ጋዜጣ አንባቢው፣ ወግ ጠባቂው ያዥ። ያንን ደም ሳይ ግን እጄ ራሱ ሄደ። ክላሿን ከግድግዳው አውርጄ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ውሰዳት» አልኩ። «ማንም አይፈርድብህም።»

አላነሷትም። ዓይኖቼን አዩኝ።

«ጋሊብ ሞተ ብለውህ ነው?»

«አይደለም። አልሰማሁም።»

«ፍርድ ተሰጠ?»

«አልተሰጠም።»

«ታዲያ ለምን ከቦታዋ አወረድካት?»

ጣታቸውን አፈሙዙ ላይ አሻሹና ወደ ብርሃኑ አውጥተው አዩት። «አቧራ ይዟታል» አሉ። «ያዥ ነኝ ካልክ ዘይት ቀባት።» ወደ በሩ ሄዱ። ሂዛም እግራቸው ሥር ወደቀ። ብብቱን ይዘው አነሡትና፣ «ና፣ ደም የሚሰጥ ሰው ይፈልጋሉ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ያቺ ዝቅ ያለች ትከሻ በሩን ስታልፍ አየኋት። በሕይወቴ ጀግና ነው የተባለ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በልቤ ተነሥቼ የቆምኩለት ግን ለዚያ ጀርባ ብቻ ነው።

ጋሊብ ዳነ። ግራ እጁ ከደረቱ በላይ አትነሣም፤ በቀኙ ግን ድልድይ ይነድፋል። ከዚያ በኋላ አገሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ገመዱን የወጠሩትም፣ የተኮሱትም፣ ሌሎችም መጥተው ሁሉም ታጠቀ። ፍርዱ ግን አልተሰጠም። ስለዚህ ክላሿ እስከ ዛሬ መንደር ውስጥ በእኔ ቤት ግድግዳ ላይ ናት። ሚስቴ መጋረጃ ልትሰቅልበት የምትፈልገው ግድግዳ ነው።

ክቡር አቡ ጋሊብ በየሐሙሱ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ከደጅ «ቤቶች!» ብለው ይገባሉ፤ ከእኔ በፊት እሷን ያያሉ። ዘይቱ በዛ ይላሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ አነሰ ይላሉ። አንድም ቀን አልነኳትም። ከሄዱ በኋላ ዘይቱን እንደገና እቀባለሁ፤ ሐሙስ ሳይመጡ የዘገዩ እንደሆነ ደግሞ ደጅ ወጥቼ መንገዱን የማየው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ሙቅቢል፣ አንተ ከሁላችንም ይልቅ ምክንያት ነበረህ። ያን ቀን ምን ያዘህ?»

ጫታቸውን ቀነጠሱ።

«አባቴ የሞተው መሣሪያ ስላልያዘ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «አርባ ሰባት ዓመት ያንን ተሸከምኩ። ጋሊብን ተሸክሜ ስሮጥ ግን የገበያው ቀን መጣብኝ። ሽማግሌዎቹ ሬሳውን ሲያገላብጡ ትዝ አለኝ። ትከሻውን ዳሰሱ፣ ወገቡን ዳሰሱ፣ ምንም የለም። ከዚያ አንድ በአንድ ዞረው ገዳዩን አዩት። ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ከዚያ ገበያ አንዲት ፍሬ ዘቢብ የሸጠለት የለም። እኔ ባዶ ትከሻ የሰው ዓይን ይጠራል እል አልነበር? ይጥራ። መጥተው ይዩት።»